ድምፁ የጠፋው ለቅሶ

የዘንድሮ ሰው የሚያለቅሰው ለሟች ይመስላችኋል? ተሸውዳችኋል። የሚያለቅሰው ለካሜራ ነው። ካላመናችሁ እኔን ጠይቁኝ። እንጅባራ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ የሰው ሠርግና የሰው ለቅሶ እየቆረጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። በዚህች ከተማ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ እንዳዛጋ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ... ሰው በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ ያመጣልኛል። ፋይሉ ጎተራ ያክላል፤ በኛ ኔትወርክ እንኳን ዓረብ አገር፣ ጎረቤታችን ጥሊሊም አይደርስ። እኔ አሳንሰዋለሁ፣ እቆርጠዋለሁ፣ እቀጥለዋለሁ፣ ከዚያ ይላካል። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች የሚሠሩት በሚያምረው ፕሮግራም ነው፤ ቁልፉ ባለቀለም፣ መቀሱ በሥዕል። የኔ ኮምፒውተር ያንን ሲከፍቱበት እንደ ወፍጮ ይጮህና ይተኛል። ባትሪውም ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ አለቀ። ስለዚህ እኔ የምሠራው በጥቁሩ መስኮት ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ይባላል። ሥዕል የለው፣ ቁልፍ የለው። ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፍለታለህ፣ ያዘዝከውን ያደርጋል። ነገ ና አይልም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አይልም። ከቀበሌያችን የሚለየው በዚህ ነው። ክፋቱ፣ ስትሳሳትም ያዘዝከውን ያደርጋል።

እንግሊዝኛና እኔ የተለያየነው ዘጠነኛ ክፍል ነው። ትእዛዞቹን የለቀምኳቸው ኢንተርኔት ላይ ከሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ ነው፤ ግማሹን ሰምቼ፣ ግማሹን ገምቼ። እና ምን ይጠበስ? በግምት የማይሠራ ማን አለ እዚህ አገር?

ነገሩ ወዲህ ነው። አያ ካሴ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ሞቱ። ልጃቸው ሞላ ዓረብ አገር ነው፤ ለቀብር አልደረሰም። ታላቅ እህቱ ስመኝ ዓይኗ እንዳበጠ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጌታሁን ወንድሜ፣ ሞላ እህል አልቀምስም ብሏል» አለችኝ። «አባቴን አልቅሳችሁ ቀበራችሁት ወይስ ዝም ብላችሁ ጣላችሁት፣ በዓይኔ ልይ፣ በጆሮዬ ልስማ ነው የሚለው። ዛሬ ካልደረሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ቤታችን ያለቀለት ያን ቀን ነው።»

«እቴ ስመኝ፣ አታስቢ» አልኳት። ቪዲዮውን ወደኔ አዛወርኩት፤ እሷም ስልኳ ጢም ብሎ ስለነበር ቪዲዮውን እዚያው ከስልኳ አጠፋችው።

ቪዲዮው ዓረብ አገር ሊሄድ ነው የሚባለው ወሬ ግን ከኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ይመጣ ጀመር! አጎትየው መጥተው መሬት ላይ የወደቁበት ቦታ እንዲረዝምላቸው ለመኑኝ፤ ሲወድቁ የደገፋቸው ሰው ግን እንዲቆረጥ፣ ምክንያቱም ተኳርፈዋል። አንዷ ጎረቤት ስትስቅ የተቀረጸችበትን አውጣልኝ አለች። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ቀብሩ ላይ ያልነበረ ነው፤ ከሌላ ለቅሶ ያለቀሰበትን በስልኩ ይዞ መጣና ቀጥልልኝ አለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ከዚህ እስከዚህ ቁረጥ፣ ይሄን ከዚያ ቀጥል እያልኩ ጥቁሩን መስኮት አዘዝኩት። ሥራው ሲያልቅ ቪዲዮው ውስጥ የጎደሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፦ አያ ካሴ። አስከሬኑን እንደምንም መልሼ ከመሐል ሸጎጥኩት።

ቀጥሎ ማሳነስ ነው። ሕንዳዊው ፋይሉ ይበልጥ እንዲያንስ ከፈለጋችሁ ሰረዝ ኤ ኤን ብላችሁ ጨምሩበት ብሎ ነበር። ለምን እንደሚያንስ ሊያስረዳ ሲል ኔትወርኩ ሄደ። እኔ ደግሞ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለሁም። ጨመርኩበት። እውነትም አነሰ። ዲስኬ ስለሞላ ዋናውንም፣ ቆራርጬ የቀጠልኩትንም ሰረዝኩ። ድምፁን ለምን አልሰማህም በሉኛ... እኔ ቤት ለቅሶ በድምፅ አይከፈትም። በኛ ከተማ ከአንድ ቤት የለቅሶ ድምፅ ከተሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ እየጮኸ ነው የሚሮጠው፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው አልቅሶ ሲጨርስ ነው።

ስመኝ መጣች። ከፈትኩላት። ሰዉ አፉን በልቅጦ ይዘላል፤ ድምፅ የለም። ደረት የሚመቱት ትንኝ የሚያባርሩ መሰሉ። አጎትየው ሲወድቁ በረኛ ኳስ ሲያድን ነው የሚመስሉት። ድምፁን ጨመርኩ። ገመዱን ነካካሁ። ኮምፒውተሩን በጥፊ መታሁት። የለም። ያን ጊዜ ሰረዝ ኤ ኤን ማለት «ድምፁን አውጥተህ ጣል» ማለት እንደሆነ ያለ ሕንዳዊው እርዳታ ገባኝ።

«ሞላ ይሄን ካየ በቃ» አለች ስመኝ፣ ቀስ ብላ። «አባቴን እየጨፈራችሁ ነው የቀበራችሁት ነው የሚለኝ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ድምፅና ሥዕል መግጠም ለኔ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው» አልኳት። «ድምፁን ብቻ አምጪልኝ።»

«ከየት?»

«ካለቀሱት።»

እንዲህ አድርገን ነው ሙሾ አውራጇን እማማ ጥሩን ከጥቂት ሴቶች ጋር ቤቴ ያስገባናቸው። እማማ ጥሩ ዙሪያውን አይተው «ሬሳው በሌለበት ቤት?» ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ። ስመኝ ስለ ሞላ ስትነግራቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና «ከየቱ ልጀምር፣ ከጉብዝናው ወይስ ከደግነቱ?» አሉኝ፣ ልክ እንደ ባለሙያ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ማይኩን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከጥግ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተቀመጥኩ። «ይጀምሩ» አልኳቸው።

ጀመሩ። አንዱን በአገውኛ፣ አንዱን በአማርኛ እያፈራረቁ አያ ካሴን ከፈረስ ላይ አወጧቸው፣ አወረዷቸው። ሴቶቹ ተቀበሉ። ስመኝ ደግሞ የምሯን ማልቀስ ጀመረች፤ አባቷ ናቸዋ! የሰቀልኩት ብርድ ልብስ ለብርድ እንጂ ለድምፅ አልተሠራም። ባጃጅ ተራው ሰማ። ከዚያ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ለቅሶው ከጌታሁን ቤት ነው። ጌታሁን ከሲታ ነው፣ አላገባም፣ ሲወጣ ሲገባ አይታይም። ስለዚህ ጌታሁን ሞተ። ኤሌክትሪክ ነው የገደለው ያለም አለ።

ማዳመጫዬ ውስጥ ድምፁ እየሞላ፣ እየደመቀ መጣ። እማማ ጥሩ ተጨማሪ አልቃሽ አስጠርተው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በሩ ተበረገደ፤ መጀመሪያ የሰማሁት የአከራዬን የእትዬ የሺን ድምፅ ነው። ጠዋት ኮምፒውተርህ መብራቴን ጨረሰው፣ ከሰኞ ጀምሮ እቆርጠዋለሁ ያሉኝ ሴትዮ!

«ልጄ ጌታሁን» ይላሉ። «ኮሽታ የማታሰማው ዝምተኛው ልጄ፣ የግቢዬ ድምቀት...»

ቀና ብዬ መናገር ነበረብኝ አይደል? አልተናገርኩም። እስቲ እናንተ ብትሆኑ... በቁሜ ሰላም ያላለኝ ሰው ሁሉ እየተንሰፈሰፈ ነው! በየቀኑ ሲያልፍ ጭቃ የሚረጨኝ ባለባጃጅ ወንድሜ ወንድሜ እያለ ግድግዳዬን ይደበድባል። ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ከበሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩም ማዳመጫዬ ያዛቸው።

«ሥራው ግን ምን ነበር?»

«እንጃ። ጥቁር ነገር ላይ የማይገባ ጽሑፍ ሲጽፍ ነበር የሚውለው።»

«ጠንቋይ ነበር እንዴ?»

«ተው፣ ለሟች እንዲህ አይባልም።»

ይሄኔ አላስቻለኝም፤ ብድግ አልኩ። እትዬ የሺ አዩኝ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ቆመ።

«አልሞትክም?» አሉኝ።

«አልሞትኩም፣ እትዬ የሺ። የአያ ካሴን ለቅሶ እየቀረጽን ነው።»

ደስ የሚላቸው መስሏችኋል? «ሳትሞት ነው እንዲህ ያንገበገብከኝ?» አሉ። «ሰኞ ያልኩህ ቀርቷል። መብራቱን አሁኑኑ ነው የምቆርጠው።» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ቆጣሪው ገሰገሱ። ባለባጃጁም ስንት ተሳፋሪ አመለጠኝ፣ ጊዜዬን በላህ ብሎ ሰድቦኝ ወጣ። ኔትወርክ በመጥፋቱ ፈጣሪን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መርዶዬ አዘና ከተማ ያለችው እናቴ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ስሜን ከድምፁ ልቁረጥ ብል ጊዜ የለም። ሴትዮዋ ቆጣሪው ጋ ሊደርሱ ነው፣ የሞላ ነገርም የዛሬ ጉዳይ ነው። ድምፁን እንዳለ፣ ሥዕሉን እንዳለ፣ ግጠም ብዬ አዘዝኩ። አፋቸውና ድምፃቸው አይገጥምም፤ ግን በኛ አገር ቪዲዮ አፍና ድምፅ ካልገጠመ ማንም ኔትወርኩ ነው ይላል። ፋይሉ ስመኝ ስልክ ላይ ገብቶ እንዳለቀ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ።

ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ ስመኝ ላከችለት፤ በማግስቱ የሞላን መልስ ልታሰማኝ መጣች። ድምፁ ጎርንኗል፤ ሲያለቅስ ነው ያደረው።

«እህቴ፣ አባቴን እንዲህ አልቅሳችሁ ከቀበራችሁት በቃኝ። እህል ቀምሻለሁ፣ ሥራም ገብቻለሁ። ግን ጌታሁን የሚሉት ልጅም አብሮ መሞቱን ለምን ደበቅሽኝ? ከአባቴ ይልቅ ለሱ ነው የተለቀሰው፤ እንዴት ያለ ሰው ቢሆን ነው! አደራ፣ የአባቴን አርባ ስታወጡ የሱንም አብራችሁ አውጡ።»

ስመኝ በሕይወት አለ ልትለው አልቻለችም። ካለችው ድምፁ ከየት መጣ ይላል፣ ድምፁ ከየት መጣ ካለ ደግሞ እህሉን መልሶ ይተዋል። እኔም አልተቃወምኩም። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ አርባዬ ከአያ ካሴ አርባ ጋር በአንድ ላይ ስለሚወጣ መጥታችሁ ጠበል ጸዲቅ ቅመሱልኝ። እኔም አልቀርም፤ ቪዲዮውን የማነሳው እኔ ነኝ።