ለአቦይ ሀፍቱ መነሳት

ጉልበቴ የተጎዳው እንደ እንቁራሪት ስዘል ነው። የተሻለ የተከበረ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ዕድሜውን ሙሉ በጉልበቱ የተማመነ ሰው የሚወድቀው ሸክም ከብዶት እንዳይመስላችሁ። ጎረምሶች እያዩት ስለሆነ ነው።

ስለ ልጅነቴ ብዙ ማውራት አልወድም። ከወሎ ወደ መቐለ ብቻዬን መጣሁ፤ መናኸሪያ አካባቢ በሸክም አደግኩ። የተቀመጠ ተሸካሚን ሥራ ያልፈዋል፤ ስለዚህ መቀመጥ ሳልማር ጎለመስኩ። ኋላ ስፌት ተማርኩ። አሁን እዚያው መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለችኝ። መቀመጥን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ቦርጩንም ምርቃት አድርጋ ሰጠችኝ።

ቦርጩን ላጠፋ ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ሜዳ ላይ ስፖርት ከሚሠሩ ተማሪዎች መሀል የገባሁት። አሠልጣኙ መጀመሪያ ሰውነትዎን ያሟሙቁ አለኝ። ሲሚንቶ ስሸከም ማን አሟሙቆኝ ያውቃል? እንዲያም ሆኖ አንዱ ተማሪ "አባባ፣ እርስዎ ዳር ይሁኑ" ባይለኝ ኖሮ ምክሩን እሰማ ነበር ይሆናል። ዘለልኩ። መነሳቱ አማረ። ማረፉ አላማረም።

ጅማቱ በከፊል ተበጥሷል ተባለና እግሬ ታስሮ ከረመ። ሲፈታ ጉልበቴ አልታጠፍም አለ፤ ጭኔም ከመክሳቱ የተነሳ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሰላም የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ቤቴ ድረስ መጥታ ሳታባብል ነገረችኝ፤ በእነዚህ ሳምንታት ካልታጠፈ እንደ ደረቀ ይቀራል። የደረቀ ጉልበት ደግሞ መኪና አይረግጥም፤ መኪናዋ ካልተረገጠች ቤቴ አይበላም። መድኃኒቷ ግን ሊያስቀኝ ምንም አልቀረው። ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ይነሱ። በእጅዎ አይደገፉ፤ ሲቀመጡም ዘፍ አይበሉ። ጡንቻው ሲደክም ይቀጥሉ፤ ጉልበቱ ካበጠ ያን ቀን ያሳርፉት። ይኸው ነው? አልኳት። ይኸው ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ አለችኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ታሞ ብቻውን የሚውል ሰው የለም። ቤቴ በጠያቂ ሞላ። ታላቅ ሲገባ ተነስቶ "ኖር" ማለት ደንብ ነው፤ ሕመምተኛ ግን ይቅር ይባላል። እኔ ገና ስነቃነቅ "በማርያም፣ እንዳትነሳ" እያሉ ትከሻዬን ይጫኑኛል። አንዱ ከጉልበቴ ሥር ትራስ ያስገባል፤ ሌላዋ ደግሞ አጠገቤ ያለውን ውሃ አንስታ ታቀብለኛለች። ደግነት እንዴት ይገፋል? ዕድሜውን ሙሉ "ተነስ" ሲባል ለኖረ ሰው "አትነሳ" የሚል ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ የቀመሰው ያውቃል። ጉልበቴ በፍቅር እንደተከበበ መድረቁን ቀጠለ።

አቦይ ሀፍቱ ብቻ ተለዩ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጎረቤታችን። ሰላም ስትመክረኝ እዚያው ተቀምጠው ነበር። በማግስቱ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ከተቀመጥኩበት ግቡ አልኳቸው። አልገቡም።

"ወደይ፣ ልጄ፣ አባትህ ቆሞ አንተ ትቀመጣለህ?"

እግሬን አሳየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን አዩ። ባለቤቴ ለተብርሃን ደነገጠች፤ ጠያቂዎቹ አጉረመረሙ። በንዴት ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁና "ኖር" አልኩ። "በእግዜር" ብለው ተቀመጡ።

ገና እፎይ ሳልል ከዘራዬን ደጅ ረሳሁት ብለው ወጡ፤ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ተነሳሁ። ቀጥሎ ኮፍያቸውን ረሱ። ቀጥሎ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን ሊያዩ ወጡ፤ በጋ ነበር። በእጄ ወንበሩን ተደግፌ ስነሳ ደግሞ ይሄ መነሳት ለእኔ አይደለም፣ ለወንበሩ ነው ብለው ከበሩ ይመለሳሉ።

ሰፈሩ እርጅና ኩራት ጨመረባቸው አለ። አንዲት ጎረቤት፣ ሕመምተኛ የሚያስነሳ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም ብላ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። በማግስቱም መጡ፤ በሚቀጥለውም።

አንድ ቀን ጉልበቴ አብጦ አደረ። ሲመጡ እንደ ልማዴ ልነሳ ስታገል በሩ ላይ አልቆሙም። ቀጥ ብለው ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ዛሬ አብጧል። ዛሬ እኔ ጎረምሳ ነኝ፤ ለጎረምሳ አይነሳም" አሉ።

ያኔ ገባኝ። የሰላምን ምክር ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይዘውታል።

ጉልበቴ ታጠፈ፤ መኪናዬን ረገጥኩ። ጠያቂው ደንቡን አድርሶ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ፤ አልወቅሰውም፤ ያ ሁሉ ሰው ባይመጣ ኖሮ ሆዴ ይደርቅ ነበር። ማመስገን በአፌ አይሆንልኝም። ለአቦይ ሀፍቱ ሱሪ ሰፋሁላቸው፤ ወገቡን አጠበብከው ብለው ተቆጡኝ።

ዘንድሮ እሳቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ። ሰላም ያንኑ ወንበር አዘዘችላቸው። ጠያቂው እንደ ልማዱ መጣ፤ "አቦይ፣ እንዳይነሱ" እያለ ትከሻቸውን ተጫነ። እኔ ታናሻቸው ነኝ፤ ለታናሽ አይነሳም። ቢሆንም በየማለዳው ሄጄ በራቸው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንተ ባለጌ እያሉ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሳሉ። ሰፈሩ አሁን የሚያወራው የእኔን ስድነት ነው። ጠያቂውም አልቋል። እዚያ ቤት የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን።