«እርስዎ ይቅደሙ» የማይገባው ኮምፒውተር

በእኛ በእስቴ ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ በር ላይ እኩል ከደረሱ፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ቢቸኩል ሌላ በር ቢፈልግ ይሻለዋል። አንደኛው «ይግቡ እንጂ» ይላል። ሌላኛው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» እየተባባሉ ክንድ ለክንድ ሲያያዙ፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ጠብ መስሎት ሊገላግል ይሮጣል። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊገቡ ይሉና መቃኑ ላይ ይቀረቀራሉ። እነዚሁ ሰዎች በማግስቱ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ለደብረ ታቦር አውቶቡስ በክርን ሲደላለቁ ብታገኟቸው ደግሞ አትገረሙ። አውቶቡስ ሌላ ሕግ አለው።

እኔ በዚህ ነገራችን እኮራለሁ፤ ምን አስደበቀኝ! ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። በቆጠብነው ጊዜ ምን ልንሠራበት እንደነበር የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። ደግሞስ በዚህ አገር መገባበዝ የማይገባው ፍጡር እስካሁን ያጋጠመኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም ኮምፒውተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከተማችን ውስጥ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። ካስተማርኳቸው ሁሉ ስመኝ የምትባለውን ልጅ አልረሳትም። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ በጥቂት ኮምፒውተሮች ዙሪያ ሲጋፋ፣ ሌላው «እንዴት ነው የሚከፈተው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የእሷ ጥያቄ ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ባይከፈትስ?» ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ በአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረች። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ዝክር ላይ አብረን እንቀመጣለንና።

ኮምፒውተሩን ለደብሩ የላከው አዲስ አበባ የሚኖር የደብሩ ተወላጅ ነው። ሙያው ይኸው ስለሆነ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ሲስተም ጭኖ ላከው፦ ሁላችን የምናውቀውን ዊንዶውስንና እሱ የሚወደውን ሊኑክስን። ማሽኑ ሲበራ ሁለት መስመር ያወጣና «የትኛው ይከፈት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥቂት ሰከንድ ወደ ታች እየቆጠረ ይጠብቃል። መልስ የሚሰጠው ከሌለ በራሱ ሥልጣን ሊኑክስን ይከፍታል። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ናቸው በሉት። በአንዱ ያስቀመጣችሁትን በሌላው ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሥራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። አለቃ ፈንቴ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ከአባቶች የሰሙትንና ብራና ላይ ያነበቡትን የደብሩን ታሪክ ለዓመቱ ንግሥ እንዲነበብ በቃል ይናገራሉ፤ ስመኝ ትጽፋለች። አለቃ ብቻቸውን በመጡ ቀን «ክፈቺው ልጄ» ይሏታል፤ የምታውቀውን መስመር ትጫናለች፤ ዊንዶውስ ይከፈታል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ አስማረና ቄስ አዱኛ ታሪኩን ለመስማት በመጡ ቀን ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ይበራል፤ አለቃ በስመ አብ ይላሉ፤ ሁለቱ መስመሮች ብቅ ይላሉ።

«አለቃ፣ ይጫኑት።»

«ኧረ ሊቀ መንበሩ እያሉ!»

«ካህን ባለበት እኔ? ቄስ አዱኛ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ አይሆንም!»

ማሽኑ ይቆጥራል። ለአለቃ አይል፣ ለቄስ አይል። ቆጥሮ ሲጨርስ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊኑክስን ይከፍታል። ስመኝ ከኋላ ቆማለች፤ በሦስት አዛውንት ራስ ላይ እጇን አሻግራ የምትጫን ልጅ እኛ ዘንድ አልተወለደችም። ሊኑክሱ መልኩ ዊንዶውስን መስሎ የተዘጋጀ ነው፤ የግዕዝ ፊደልም ያውቅ ነበርና ልዩነቱ ሳይታያት በተከፈተው ላይ ስትጽፍ ትውላለች። በማግስቱ አለቃ ብቻቸውን ይመጣሉ፤ ዊንዶውስ ይከፈታል፤ የትናንቱ ጽሑፍ የለም።

ይህ ሲደጋገም አቶ አስማረ «የጻፍሽው የት ገባ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ አስተዋይ ናት፤ ያየችውን ተናገረች። «ጋሼ አስማረ፣ የሚጠፋው እርስዎ በመጡ ቀን የተጻፈው ነው» አለቻቸው።

የሌላ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ምንም ላይታየው ይችላል። የእኛ ሰው ግን አሁን ደንግጦ ተቀምጧል። እሳቸው ሲመጡ ነገር የሚጠፋ ከሆነ ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው? አቶ አስማረ የሰው ልጅ ሲያዩ «እግዜር ያሳድገው» ሳይሉ የማያልፉ፣ የሰው በሬ እንኳ ትክ ብለው የማያዩ ጥንቁቅ የእህል ነጋዴ ናቸው። «ቡዳ አለችኝ!» ብለው ብድግ አሉ። ስመኝ አፏን ብትከፍት የሚሰማት አልነበረም። ጉባኤው ተሰብስቦ እስኪወስን ቤትሽ ተቀመጪ ተባለች። ወሬው ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ፦ ሥራዋን ሳትሠራ ቀርታ ሽማግሌ ቡዳ ያለች ልጅ። ይህ ስም ከተጣበቀባት እንጀራዋም ክብሯም አብሮ መሄዱ ነው። በዚህ ላይ አቶ አስማረ ባለሙያ አስመጥተው ማሽኑን ሙልጭ አድርገው ሊያስጠርጉት አስበዋል። ያ ቢሆን ኖሮ የአለቃ ታሪክ ግማሹ፣ ከእሱም ጋር የልጅቱ ምስክር ድምጥማጡ ይጠፋ ነበር።

አለቃ ፈንቴ በእግራቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «መምህር፣ ልጅቱ አትዋሽም። አስማረም ቡዳ አይደለም። የቀረው ማሽኑ ነው፤ መጥተህ እየው» አሉኝ።

ሄድኩ። ሦስቱንም ሰብስቤ «እንደ ወትሮው አድርጉት» ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ወትሮው አደረጉት። «ይቅደሙ» «በሞቴ» እያሉ ቁጥሩ ሲያልቅባቸው ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ነገር ግን ሦስት አዛውንት ፊት ቆሜ «ጽሑፉን የሚያጠፋው ጨዋነታችሁ ነው» እንዴት እላለሁ? «አባቶቼ፣ ማሽኑ ባለጌ ነው። ሰው ሲገባበዝ አይጠብቅም» አልኩ። ሦስቱም ወዲያው ተስማሙ። አቶ አስማረማ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም።

ቀጥዬ ሊኑክስ ውስጥ የተቀመጡትን ገጾች ከፈትኩላቸው። ጠፋ የተባለው ሁሉ አንድ ሳይጎድል ተደርድሯል። ጮክ ብዬ ሳነብ አለቃ የገዛ ቃላቸውን እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አቶ አስማረ ቆባቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ። «ልጅቱ እውነቷን ኖሯል» አሉ። ከዚያም ሁለተኛው ሲስተም ከማሽኑ ይውጣ ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

«ይወጣል፤ የምታወጣው ግን ስመኝ ናት» አልኩ። አቶ አስማረ ሰው አልላኩም። ራሳቸው ሄዱ። በአባቷ ደጅ ቆመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ያልገባኝ እኔ ነኝ፤ ልጅዎ አልበደለችኝም» ብለው ይዘዋት መጡ።

ሁለተኛ ሲስተም ማውጣት ቀላል የሚመስለው ሞክሮ ለማያውቅ ነው። ሁለቱን መስመር አውጥቶ የሚጠይቀው ራሱ ሊኑክስ ነውና፣ እሱን በችኮላ ብታጠፉት ማሽኑ በየት በኩል እንደሚነሣ ይጠፋውና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃ ማውጣት፣ ማለትም ገጾቹን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ቀጥሎ ዊንዶውስን ያለ እሱ መነሣት ማስተማር ነው። ሊኑክስን አጥፍቶ ይዞታውን ለቀሪው መስጠት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። አለቃ ስለ ድሮ የደብሩ አባቶች ሲያጫውቱኝ ለጥቂት ጊዜ እጇ ምን እንደሚሠራ አላየሁም። ስመለከት ማጥፊያው ላይ ደርሳለች። ጣቷን አነሣች።

«ቲቸር፣ ባይነሣስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን «አንቺ ንገሪኝ» አልኳት። ወደ ፍላሹ ተመለሰች፤ የገለበጠቻቸውን ገጾች አንድ በአንድ ከፈተች። የመጨረሻው ምዕራፍ አልተገለበጠም ነበር። እኔ አላየሁትም ነበር! ገለበጠችው፣ ከፍታ አነበበችው፣ ከዚያ ማጥፊያውን ተጫነች። ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ቄስ አዱኛ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ይዘዋል።

በራ። ግን እናንተዬ፣ ሁለት መስመር እንደገና ብቅ አለ።

«ኧረ አሁንም ሁለት ነው!» አሉ አቶ አስማረ። ስመኝ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ኋላ ቆመች። ሽማግሌዎቹም ልማድ ነውና ጀመሩ።

«አለቃ፣ ይጫኑት።»

«ኧረ ዛሬስ የምትቀድመው ልጅቱ ናት!»

«ኧረ እናንተ እያላችሁ!»

ቆጠራው ዛሬ ረጅም ነው። ሁሉም ሁሉንም ጋብዞ፣ በየተራ እምቢ ብሎ፣ አለቃ ተሸንፈው ሊጫኑ እጃቸውን ሲሰነዝሩ ማሽኑ በራሱ ተከፈተ፤ ዊንዶውስ፣ ፍላሹ ላይም የአለቃ ታሪክ ከነመጨረሻው ምዕራፍ። ቄስ አዱኛ እልል አሉ።

«ያ ሁለተኛው መስመር ምንድን ነው?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ቲቸር። ሁለቱም የሚከፍቱት ያንኑ ዊንዶውስን ነው፤ ማንም ባይጫን እንኳ ያው እሱ ይከፈታል። መስመሩ ካልወጣ ምኑን ይገባበዛሉ? ቆጠራውንም አርዝሜላቸዋለሁ።»

ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ማንም አላስተማራትም። እንዲያ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። ልወጣ ተነሣሁና ከእሷ ጋር በሩ ላይ እኩል ደረስን። ቆም አልኩ።

«ቅደሚ» አልኳት።

«ኧረ በሞትኩት ቲቸር፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

ከኋላችን ሦስቱ አዛውንት ለመውጣት ቆመዋል። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ሌላ በር የለውም።