ሽመልስ ከሽመልስ በሦስት ዓመት ይበልጣል

ራሳችሁን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ላገኝ ነበር። እኔ ከሸዋ በር ተነሥቼ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር እየተጓዝኩ፣ እኔው ደግሞ ከኤረር በር ተነሥቼ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር እየመጣሁ። የት ላይ እንደምንገናኝ ተማሪዎቼ አስልተው ነገሩኝ። እንዲያውም አንዷ እጇን አውጥታ፣ መምህር ስትገናኙ ማን ነው ቀድሞ ሰላም የሚለው ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄ ነው ይሄ? ግን እኮ ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሽመልስ እባላለሁ። ሐረር ተወልጄ ሐረር ያደግኩ፣ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። ሰው ከሒሳብ መምህር ጋር ሲተዋወቅ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ኡፍ፣ እኔ ሒሳብ አልወድም። የሐኪም እጅ እየጨበጠ እኔ ጤና አልወድም የሚል አለ? ለኛ ሲሆን ግን ይባላል፣ እኛም ፈገግ ብለን እንቀበላለን።

ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ወርክሺቶችን ራሴ ነኝ የማዘጋጀው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ከባድ ፕሮግራም ከከፈትኩበት ይግልና ይጠፋል። ስለዚህ ጽሑፍ ብቻ በሚጻፍባት ቀለል ያለች ፕሮግራም ነው የምጽፈው። ለመደመር አንድ ፋይል፣ ለመቀነስ አንድ ፋይል፣ ለማካፈል አንድ ፋይል፣ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ። ታዲያ ሒሳብ ያለ ሰው አይሆንም። ሃያ ማንጎ ካለ የማንጎው ባለቤት መኖር አለበት። ባለቤት ካለ ደግሞ ስም አለው። መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያዋ ከሳሽ የአበራ እናት ናቸው። በጥያቄዎቼ ውስጥ አበራ የሚባል ሰው ይበዛ ነበር። አበራ ሃያ ማንጎ ገዝቶ ስምንቱ ይበሰብስበታል። አበራ ደርዘን እንቁላል ይዞ ሲመጣ አምስቱ ይሰበርበታል። እውነተኛው አበራ ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ተማሪዬ ነው። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እንቁላልህ ስንት ቀረ እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡት። እናቱ መጥተው፣ የሰው ልጅ ጠፍቶ ነው ወይ በኔ ልጅ እጅ ዕቃ የምትሰብረው አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የአስተማሪዎች ክፍል ገብቼ ፋይሉን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አበራን ሳጠፋ ሰብለ አየችኝ። ሰብለ የአይሲቲ መምህራችን ናት። በእጅህ ልትለቅም ነው ብላ ሳቀችብኝ። ፎልደሩን እንዳለ ከፈተችው። ከላይ ባለው ሳጥን አበራ፣ ከታች ባለው ደግሞ እኔ የነገርኳትን ስም፣ ነጂብ ብላ ጻፈች። ሁሉንም ተካ የሚለውን ነካችው። በቃ። አንድም ፋይል ሳንከፍት አበራ ከነማንጎው፣ ከነእንቁላሉ ተሰናበተ። እኔ እኮ ስንት ዓመት በከንቱ ጣቴን ፈጅቻለሁ!

ነጂብን የመረጥኩት ዝምተኛ ልጅ ስለሆነ ነው። አባቱን ግን አላሰብኩም። አባቱ አው ዩሱፍ፣ አው እኛ ጋ እንደ ጋሽ ነው፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሰፉ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጂብ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ መጡ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ሰፈሩ ውሃ ከጠየቁኝ በኋላ ወርክሺቱን አወጡ።

"መምህር፣" አሉኝ፣ "ልጄ እዚህ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል፣ ይሰጣል። ሰደቃ ነው እንዳልል፣ ወላሂ፣ ሰደቃ የሰጠ ሰው ስንት ቀረኝ ብሎ አይቆጥርም።"

ነጂብንም አወጣለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አበራ አልሆነም፣ ነጂብ አልሆነም። ነገ ደግሞ የቶሎሳ አባት ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያ የሌላው አጎት። ወላጅ የሌለው ስም ከየት ይገኛል? በመጨረሻ አገኘሁት። የራሴን! እኔን ማን ይከሰኛል? እናቴ እንደሆነች ስሜ ተጽፎ ካየች ደስታዋ ነው። እንግዲያው አንዱን ብቻ ለምን? ወላጅ ሊያስመጣ የሚችለውን ስም በሙሉ ልጥረገው አልኩ። ነጂብ፣ ሽመልስ። ቶሎሳ፣ ሽመልስ። ሳሚ፣ ሽመልስ። ነካሁ፣ ነካሁ፣ ነካሁ። ሰብለ ከኋላዬ ቆማ፣ ሽሜ ኮፒ አስቀምጥ፣ ስሞቹ አንዴ አንድ ከሆኑ አይለያዩም አለችኝ። አቦ ተይኝ አልኳት። ያን ዕለት ንጉሥ ነበርኩ።

ሳላነበው ለማባዣ ክፍል ሰጠሁት። በማግስቱ ለልጆቹ ታደለ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ረድፍ ሳቅ ተነሣ። ሳቁ ወደፊት መጣ። ወረቀቱን አንሥቼ አነበብኩ።

ሽመልስ ካለው አሥር ሎሚ ለሽመልስ ሦስቱን ቢሰጠው፣ ሽመልስ ስንት ሎሚ ይቀረዋል? ግማሹ ክፍል "ያው ነው" ብሎ መልሷል። ደግሞ ልክ ናቸው እኮ! ሽመልስ ከሽመልስ በሦስት ዓመት ይበልጣል፤ ሽመልስ አሥራ አንድ ዓመቱ ቢሆን ሽመልስ ስንት ዓመቱ ነው? አንዱ ልጅ ከሥሩ፣ መምህር መጀመሪያ ከራስዎ ጋር ይስማሙ ብሎ ጽፎልኛል። ሽመልስ፣ ሽመልስና ሽመልስ አንድ ሐብሐብ እኩል ተካፈሉ የሚለውን ጥያቄ የመለሰ ግን አንድም አልነበረም። ሁሉም ሐብሐብ ሥለው፣ ሙሉውን ለኔ ትተውልኛል።

ሰብለ ጋ ሮጥኩ፤ መልሺልኝ አልኳት። ማንን ወደ ማን ልመልስ አለችኝ። ሎሚ ሰጪው ነጂብ ይሁን ቶሎሳ ኮምፒውተሩ አያውቅም፣ እኔም ረስቼዋለሁ። በግትርነት ሽመልስን ሁሉ አበራ ብዬ ልሞክር አልኩ። ጎበዝ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አዘጋጅ መምህር አበራ የሚል መጣ። ሥራዬንም ወሰደብኝ! ቶሎ ብዬ ወደ ሽመልስ መለስኩት።

ይሄ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ባለፈ ነበር። ችግሩ ፍሬሕይወት ናት። ማለቴ ችግሩ እሷ ሳትሆን አባቷ ናቸው። ፍሬሕይወት እዚሁ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት፣ ከሷ ሌላ ደግሞ አልፈልግም። እሑድ ሽማግሌ ልልክ ቀጠሮ ይዤ ነበር። አባቷ ጋሽ ወርቁ አቦከር ሰፈር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው፣ አንድ ሚስማር ሳይጎድልባቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይሄን የሚያወሩት እሳቸው ናቸው፣ ግን እውነት ነው ይባላል። የልጅ ልጃቸው ሜሮን የኔ ተማሪ ናት። የቤት ሥራዋን የሚያሠሯትም እሳቸው ናቸው።

ዓርብ ዕለት ፍሬሕይወት ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባዬ ወርክሺትህን እያነበበ ነው አለችኝ። ታዲያ ያንብቡ አልኳት። በቀይ እስክሪብቶ ነው አለችኝ።

እሑድ ደረሰ። አጎቴ ጋሽ በቀለ አንዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው አው ዩሱፍ፤ ሰደቃዋን ከተናገሩ ወዲያ ከሳቸው የተሻለ አንደበት ሐረር ውስጥ የለም ብዬ ለምኛቸው ነው። ሦስተኛው የሰፈራችን የእድር ዳኛ። እኔ ፈረስ መጋላ አንድ ካፌ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሻይ አዘዝኩ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሌላ አዘዝኩ። ፈራሁ፣ ምን ልዋሻችሁ። ሰው በማንጎ ምክንያት ሚስት ያጣል?

የሆነውን ኋላ የነገሩኝ አው ዩሱፍ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ሲጀምሩ፣ ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቶቹን ዘርግተዋል። ልጁ ማንጎ ገዛ፣ አበሰበሰ። እንቁላል ያዘ፣ ሰበረ። ሎሚ ነበረው፣ ለማይታወቅ ሰው ሰጠ። ይሄ ሁሉ ጉድለት ነው አሉ። አጎቴ፣ ጋሽ ወርቁ ይሄ እኮ ቅነሳ ነው፣ ልጁ የሚያስተምረው ቅነሳ ነው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። እሳቸው ደግሞ፣ ሰው ስለ ራሱ እንዳሻው እንዲጽፍ ተፈቅዶለት አንድ ቀን እንኳ በእጁ ላይ የሚያተርፈው ለምን አጣ አሉ።

ከዚያ ወደ ውሃ ሮቶው ጥያቄ መጡ። ጥያቄዋን ታውቋታላችሁ፤ በየአገሩ ያለች ናት። ሽመልስ በአንድ ቧንቧ ሮቶ ይሞላል፣ ከሮቶው ሥር ባለ ቀዳዳ ደግሞ ውሃ ይፈሳል፣ ሮቶው በስንት ሰዓት ይሞላል? ይህች ጥያቄ ሌላ ከተማ ሒሳብ ትሆናለች። እኛ ጋ ግን ውሃ ሲመጣ እልል ሊባል ምንም አይቀረውም። የጋሽ ወርቁ ኮሪደር ራሱ ጀሪካን በጀሪካን ነው፤ ሽማግሌዎቹም በጎን ተሽሎክልከው ነው የገቡት።

"ሮቶው እንደሚያፈስ እያወቀ፣" አሉ ጋሽ ወርቁ፣ "ቧንቧ ከፍቶ ቁጭ ብሎ ሰዓት ለሚቆጥር ሰው ልጄን አልሰጥም።"

አጎቴ ጀሪካኖቹን አዩና አንገታቸውን ደፉ። የእድሩ ዳኛ ጭራሽ፣ እውነት ለመናገር ያስቀጣል ብለው አረፉት። ለኔ ተልከው የሄዱ ሰው!

የተናገሩት አው ዩሱፍ ናቸው። ቀስ ብለው፣ ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ ጉድለት የሱ አይደለም አሉ። እንቁላሉን የሰበረው አበራ ነበር፣ ሎሚውን የሰጠው የኔ ነጂብ ነበር፣ የሮቶውም ባለቤት የሌላ ሰው ልጅ ነበር። እኛ ወላጆች ሄደን ልጆቻችን ተሰደቡ ብለን ጮህንበት፤ እሱ የሁሉንም ጉድለት ሰብስቦ በራሱ ስም አደረገው። ይሄን ያደረገ ሰው እኔ አላየሁም አሉ።

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። ለካ የግምጃ ቤት ሰው ሆድ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። የሌላ ሰው ጉድለት ላይ የፈረመ ሰው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አላጋጠማቸውም። ወዲያና ወዲህ አሉና፣ "እንግዲህ ይሄ ልጅ ወይ ቂል ነው፣ ወይ ደግ ነው" አሉ።

ከጓዳ በኩል የፍሬሕይወት ድምፅ መጣ። "ሁለቱንም ነው፣ አባዬ።"

ተሳቀ። እሺም ተባለ! አው ዩሱፍ አልሐምዱሊላህ እያሉ ካፌው ድረስ መጥተው ሲነግሩኝ የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ሁለተኛውንም። አንድ ነገር ግን አለ አሉኝ። ጋሽ ወርቁ እሺ ያሉት በአንድ ውል ነው። አማቼ የሚሆን ሰው ስም ከዚህ ውርደት ይውጣ፣ የኔን ስም ይጻፍበት፣ እኔ ዘንድ ዕቃ አይጠፋም ብለዋል።

ይሄ ቀላል ነው። ሰኞ ጠዋት ፎልደሩን ከፈትኩ። ከላይ ሽመልስ፣ ከታች ወርቁ። ሁለት ሰው ያለበትን ጥያቄ በእጄ ለቀምኩ፣ የአዘጋጁን ስም መለስኩ፣ ኮፒም አስቀመጥኩ። ተምሬአለሁ። አዲሱ ወርክሺት ተባዛ፣ ታደለ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን የቤት ሥራ ሰብስቤ ሳርም የሜሮን ደረሰ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ወርቁ ግምጃ ቤት ውስጥ ስልሳ ኩንታል በቆሎ ነበረው። አይጥ ሰባቱን ኩንታል ቢበላበት ስንት ይቀረዋል? መልሱ የተጻፈው ልጅ በማይጽፈው፣ በቆየ፣ በሚያምር የቢሮ ጽሑፍ ነው። ስልሳ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ ወርቁ ግምጃ ቤት አይጥ አይገባም። ፊርማም አለው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ስልሳ ሲቀነስ ሰባት ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሃምሳ ሦስት ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ለዚህች እውነት ነው ደሞዝ የሚከፈለኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። መስኮቱን አየሁ። ሃምሳ ሦስት ብለው ለጻፉት ልጆች ሁሉ ራይት ሰጠሁ። ስልሳ ላለችውም ራይት ሰጠሁና ከጎኑ፣ በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥሉ ብዬ ጻፍኩ።

ምን ላድርግ? ሠርጉ እኮ ገና ከፋሲካ በኋላ ነው።