ቦታው ተገኝቷል

ሥርዓት ከሚወድ ሰው ጋር ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አምቦ ውስጥ ግርማ ከሚባል ባልደረባዬ ጋር አንድ ቢሮ እጋራለሁ። ግርማ የካይዘን ሥልጠና ወስዶ በተመለሰ ማግስት ቢሮውን በቢጫ ፕላስተር አሰመረው። ስቴፕለሩ፣ ማህተሙ፣ የኔ የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር በየመስመራቸው ውስጥ ገቡ። ለእሱ ሥራ ማለት እያንዳንዱ ነገር ቦታ ሲኖረው ነው። ምን እንከን ይወጣለታል?

አንድ ማክሰኞ ኦቦ ቶላ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከጌዶ መጡ። የመሬት ክርክር ፋይላቸውን ፍለጋ እኛ ዘንድ ሲመላለሱ ይህ አምስተኛቸው ነው። ግርማ መደርደሪያውን ከፈተ። ስማቸው የተጻፈበት፣ በቢጫ መስመር የተከበበ ቦታ አለ። ፋይሉ ግን የለም።

"ደስ ይበልዎት ኦቦ ቶላ፣ ቦታው ተገኝቷል!" አላቸው፣ ከልቡ።

ኦቦ ቶላ ባዶውን ቦታ ትንሽ አተኩረው አዩት።

"እንግዲያው ልጄ፣ እኔንም ክበበኝ። እዚህ ቤት ስመላለስ እኔም ልጠፋ ነው" አሉት።

ቀልድ መሰላችሁ? እኔም መስሎኝ ስቄ ነበር። ግርማ ግን ተንበርክኮ በጫማቸው ዙሪያ ፕላስተሩን ለጠፈ፤ "ባለጉዳይ" ብሎም ጻፈበት።

በሳምንቱ ኦቦ ቶላ ተመልሰው መጡ። "አካም ቡልተኒ" ብለው ሰላምታ ሰጡንና፣ ማንም ሳይነግራቸው ሄደው መስመራቸው ውስጥ ቆሙ። ፋይሉ ያው እንደጠፋ ነው።

ግርማ ፊቱ በደስታ በርቶ ወደ እኔ ዞረ።

"አየህ" አለኝ፣ "ሥርዓት ካለ ምንም ነገር አይጠፋም።"