በሞተር የመጣብኝ ሕመም

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልንገርህና እንገላገል። የሕንፃ ሊፍት በሩ ሲዘጋ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሚኒባስ ላይ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ከሆነ ሌላ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ጎረቤታችን ቡችላ ያመጣ ጊዜ እንኳ እኔ የታየኝ ቡችላው ሳይሆን ከዓመት በኋላ የሚሆነው ውሻ ነበር፤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ከሞተር ውድድር ጋር ምን አገናኘው? አንዲት ጠባሳ ናት።

ግራ ጉልበቴ ላይ ጣት የምታህል ጠባሳ አለችኝ። የመጣችው የቀን መቁጠሪያ ልሰቅል ወንበር ላይ ወጥቼ ስወድቅ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሰብለን ላገባ ሰሞን፣ ከቤተሰቧ ጋር ሶደሬ ወርደን ነበር። ቁምጣ ለብሼ ገንዳው ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ወንድሟ ደረጀ ጠባሳዋን አያትና ምን ሆነህ ነው አለኝ። ደረጀን አታውቀውም። ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ፈረስ ይጋልባል፣ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሚጥሚጣ ሲበላ አያልበውም። እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ያኔም፣ አሁንም። በዚያ ሁሉ የወደፊት ዘመድ ፊት ከወንበር ወደቅኩ ልበል? «ሞተር ነው፤ ውድድር ላይ» አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተር ላይ የወጣሁት አንዴ ነበር፤ ከአጎቴ ጀርባ፣ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ያቺ ውሸት ከትዳራችን ጋር አብራ አደገች። ልጃችን ቤዛ አፍ ስትፈታ ጠባሳዬን በጣቷ እየነካች «ሞተር» ትል ነበር። ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ለጓደኞቿ አባቴ ሞተር ተወዳዳሪ ነበር ስትል ሰማኋት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ የሱሪዬን እግር ወደ ታች ሳብ አደረግሁት።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ደረጀ ደወለ። እንጦጦ ላይ ባለ አራት ጎማ ሞተር የሚያከራዩ ሰዎች አሉ አለ። ሜዳው ላይ ሁለት ሁለት ሰው ቀጥታ መቶ ሜትር ያወዳድራሉ አለ። ለዳግማይ ትንሣኤ ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣል፤ እኔና አንተ እንጋጠማለን፤ ሃያ ዓመት ያወራኸውን እስቲ አሳየን አለ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ቤዛ ከወንበሯ ተነስታ እልል አለች።

አንተ ብትሆን እዚያው እውነቱን ትናገር ነበር? ተው ባክህ። ልጅህ እልል እያለች?

እንግዲህ መማር ነበረብኝ። በድብቅ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ደረብኩና ለሰብለ እንጦጦ ደርሼ ልምጣ አልኳት። ይኸው ነው ያልኩት። ሰብለ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ቢጫ ጀሪካን አምጥታ ሰጠችኝ። ጠበል ሞልተህ ና ማለቷ ነው። ጀሪካኑን ተቀበልኩ። ከሰፈራችን ከመሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ ጀሪካን ታቅፌ ሞተር ልማር ሄድኩ።

አሠልጣኟ ሰናይት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። «ጋሼ፣ አይፍሩት፣ አውቶማቲክ ነው» አለችኝ። «ማርሽ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው። በቀኝ አውራ ጣትዎ ሲጫኑ ይሄዳል፣ ሲለቁ ቀዝቀዝ ይላል።» ታዲያ ምኑን ነው የምማረው አልኳት። «አነሳሱን» አለች። መቶ ሜትር አጭር ነው፤ ቀድሞ የተነሳ ቀድሞ ይገባል።

ትምህርቱ እንዲህ ነው፤ ምናልባት አንተም ዋሽተህ ከሆነ ይጠቅምሃል። ጀማሪ ሰው ባንዲራው ሲወርድ አውራ ጣቱን በአንዴ ይጫናል። ያኔ ወይ የኋላ ጎማው ሣሩ ላይ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ወይ የፊቱ ብድግ ይላል። እስከ የት ድረስ ነው ብድግ የሚለው ብዬ ጠየቅኋት። «አንዳንዴ እስከሚገለበጥ» አለች፣ ሻይ ስንት ስኳር ይፈልጋሉ በሚል ድምፅ። ወደ ቤቴ መሄድ አማረኝ።

የሚያውቅ ሰው ግን በግራ እጁ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ በቀኝ አውራ ጣቱ ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተሩ ልሂድ ይላል፣ ሰውየው አትሄድም ይለዋል። ውስጥ ያለው የጎማ ቀበቶ ይወጠራል። ደረት ወደ እጀታው ጠጋ፣ ዓይን ሩቅ። ባንዲራው ሲወርድ ፍሬኑን ለቀቅ፣ ነዳጁን ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ግን ይዞ መቆየት አይቻልም፤ ቀበቶው ይቃጠላል።

ይህን ሁሉ በአፌ በአንድ ቀን አወቅሁት። እጄ ግን አላወቀውም። ፍሬን መያዝ ላይ እኔን የሚያህል የለም፤ መልቀቅ ነው ያቃተኝ። ያቺ ሞተሩ ተይዞ ከሥሬ የሚንቀጠቀጥባት ቅጽበት አለች አይደል? የሚንቀጠቀጠው እሱ ይሁን እኔ መለየት አልቻልኩም። የቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እኔ እዚህ ብቀር እነ ሰብለ በምን ይገባሉ እላለሁ። እንዲህ ሳስብ ባንዲራው ወርዶ፣ ሰናይት ባንዲራውን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ትጠብቀኛለች። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

«ጋሼ፣ ባንዲራውን አይዩ» አለችኝ በመጨረሻ። «የያዘውን ሰው ትከሻ ይዩ፤ ክንድ ከመውረዱ በፊት ትከሻ ይነቃነቃል። የባላንጣዎን ደግሞ ግራ እጁን ይዩ። ጣቶቹ ላላ ካሉ ሊነሳ ነው፤ ፍሬኑን እስከያዘ ድረስ የትም አይሄድም።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባንዲራው ወርዶ ሙሉ አባታችን ሆይ ደግሜ ነው የተነሳሁት። በሁለተኛው ቅዳሜ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ። በሦስተኛው በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ተነሳሁ፤ ሰናይት አጨበጨበች። ከሞተሩ ስወርድ ግን ጤዛው ላይ ዝርግት ብዬ ተቀመጥኩ።

እስቲ አሁን ከሰብለ ወገን ሆነህ እየው። በሁዳዴ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ፣ በማለዳ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ጀሪካን ይዞ እንጦጦ የሚወጣ ባል። ሲመለስ ፊቱ አመድ የመሰለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ልብሱ በጤዛ የራሰ፣ ጀሪካኑ በጠበል የተሞላ። በዚያ ላይ ጾም ነውና ከስቻለሁ። ምን ትላለህ?

ሰፈሩም እንደዚያው አለ። መጀመሪያ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ አስናቀች ብርቱካን ይዘው መጡ። «እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል? ቀጥሎ የዕድራችን ዳኛ መጡ። ሻይ ስቀዳላቸው እጄን አዩ፤ ከዚያ የለቅሶ ወንበር ስንት እንደሚያስደረድር እንደሚለካ ሰው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ልኩን ሳይነግሩኝ አይዞህ ብለው ወጡ። ሰብለ ደግሞ አንድ ማታ ተከታታይ ድራማዋ ሊጀምር ሲል ሪሞቱን አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። ያኔ ነገሬ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

አልታመምኩም ብል ደግሞ ታዲያ እንጦጦ ምን ስትሠራ ነበር ይከተላል። ከዚያ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ጠባሳዋ፣ ከጠባሳዋ ወንበሩ። ስለዚህ ብርቱካኑን ልጬ በላሁ። እያፈርኩ ነው የበላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ጠዋት ስነሳ እግሬ ቀዝቅዟል። ሜዳው ከባሕር ዛፉ መሐል ነው፤ ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንሿሽው የለቅሶ ቤት መሰለኝ። ደረጀ መጣ። የገረመኝ፣ ድምፁ አልቀደመውም። አቀፈኝና ቶሎ አልለቀቀኝም። ብርድ አልሆነብህም አለኝ፤ ጃኬቱን አውልቆ ሊደርብልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ሊያዘናጋኝ ነው አልኩ። ሰናይት ደግሞ ባንዲራዋን ይዛ መጥታ፣ እንደተማከርነው ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ሞተር ነድተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ቤዛ ከጎን ስልኳን ደግና «ሻምፒዮን ነበር!» ብላ መለሰችልኝ።

ወጣሁ። ፍሬኑን ያዝኩ። ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እኔም ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህች ደቂቃ ስሸሽ እንደኖርኩ ያኔ ነው የገባኝ። የፈራሁት መገልበጥ አልነበረም። የቤዛን ፊት ነበር፤ ያ እልልታ ሲከስም ማየት። የሰናይትን ትከሻ አየሁ። ነቅነቅ አለ። ለቀቅኩ።

ወዳጄ፣ ሄደ! ጎማው አልተሽከረከረ፣ ፊቱ ብድግ አላለ። በስመ አብ አላልኩም፣ አልደረስኩበትም። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ይወስደዋል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ደረጀ ከኋላዬ ሩቅ ነበር። ቤዛ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ደረጀ ዓይኑን እየጠረገ መጣ። አቧራ ነው አለ። «በቃ፣ አሁን አመንኩ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ቀስ ብሎ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚነካ።

ቤት ገብተን ቤዛ ቪዲዮውን በዝግታ ከፍታ አሳየችን። እሷ እኔን ነው የምታየው። እኔ ግን ተምሬ የለ? ዓይኔ ሳላዘው የባላንጣዬን ግራ እጅ ፈለገ።

ባንዲራው ወረደ። እኔ ተነሳሁ። የደረጀ ግራ እጅ ፍሬኑን እንደያዘ ነው። እኔ ራቅሁ። አሁንም ይዟል። ባንዲራውንም አያይም፤ የሚያየው እኔን ነው። ደህና ከራቅሁ በኋላ ነው ጣቶቹን አንድ በአንድ የፈታው።

ቀና ብዬ ሰብለን አየኋት። ብርቱካን እየላጠች ነበር። ለወንድሟ ምን እንደነገረችው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሃያ ዓመት የፈራሁት ያ ጉረኛ ሰው፣ መሸነፍ የማይወደው ደረጀ፣ በልጄ ፊት ፍሬን ይዞልኛል። አፈርኩ። ወደድኩትም፤ ከልቤ። እዚያው ተነስቼ ጤነኛ ነኝ፣ ጠባሳዋም የወንበር ናት ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሰብለ የላጠችውን ብርቱካን አጎረሰችኝ።

በማግሥቱ ደረጀ ደወለ። እንዴት አደርክ፣ ተሻለህ ወይ አለኝ። ትንሽ ለውጥ አለው አልኩት። «ጎሽ» አለ፤ የድሮ ድምፁ ትንሽ ትንሽ ተመለሰች። «ብቻ አንተ ዳን። ስትድን እንደገና እንገጥማለን፤ ያኔ ወንድሜ፣ አልምርህም።»

ይኸውልህ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካኔን ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ። ሰናይት አነሳስዎ ጥሩ ነው ትለኛለች፤ እንደ ደረጀ ላለው ሰው ግን ገና ነው ትላለች። ስለዚህ አንተም መንገድ ላይ ሰው ስለ እኔ ቢጠይቅህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየዳነ ነው በለው። ግን ቀስ በቀስ ነው።