ጋሽ ማንነካው እና የአጎቴ የጭን ጊታር

ይህን ጽሑፍ ያየ ይወቅ፤ ያላየም ካየው ይጠይቅ! ከደረጃ ሥር ባለች፣ እንግዳ ጎንበስ ብሎ በሚገባባት ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ቁመቱ ከሥራ ጠረጴዛው እምብዛም የማይበልጥ አንድ ጊታር ጠጋኝ ዕቃ በነኩ እጆች ሁሉ ላይ እንዲፈርድ ተሹሟል። ሿሚው ራሱ ነው።

ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቧንቧ ሠሪ ይሁን ሰዓት አዳሽ፣ የተበላሸ ዕቃ ስትሰጡት መጀመሪያ የሚፈልገው ብልሽቱን አይደለም፤ ከእሱ በፊት የነካውን ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነካ ሁሉ አራጅ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚነካው ደግሞ ገና ያልተያዘ አራጅ። የእኛ ሰው የዚህ ዘር ንጉሥ ስለሆነ ሰፈሩ «ጋሽ ማንነካው» የሚል ስም አውጥቶለታል። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሐኪሙን ወንበር ብሎን አይቶ «ማን ነካው ይሄን?» ማለቱን ሐኪሙ ራሱ ነግሮኛል። ፀጉር ቤት ወረፋ ሲጠብቅም አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት አይቶ ያንኑ ጠየቀ። ሰውየው የተቆረጠው እዚያው ቤት ነበር።

ስቄበት አላባራም ነበር፤ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

አጎቴ ከራሱ ዕድሜ የማያንስ የጭን ጊታር አለው። እንደ ሌላው ጊታር አይታቀፍም፤ ጭን ላይ ይጋደምና ክሮቹን በጣት በመጫን ፈንታ የብረት ዘንግ ይንሸራተትባቸዋል። ድምፁ ሰው ለራሱ ሲያንጎራጉር ይመስላል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ግን ዜማው ይንቀጫቀጭ ጀመር። አጎቴ እጁን ጠረጠረ፤ ጊታሩን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለና ዳግመኛ ነገሩን አላነሳም። ባለፈው ወር ጡረታ ሲወጣ አወረደው።

«የሚያውቅ ሰው ይየው» አለኝ። «ጤነኛ ነው ካለ ጥፋቱ የእጄ ነው። እዚያው ለሚፈልገው ይስጥልኝ።»

ጋሽ ማንነካው ሲመረምር ማየት፣ ሐቁን ልናገርና፣ ምላሴን አሰረው። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንደ ሕፃን አሸተተው። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዟዙሮ የሚያንገራግረውን ለየ። ማስመሪያ አንገቱ ላይ አቁሞ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ በአንድ ዓይኑ አጮለቀ፤ አላለፈም። ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ድምፅ የሚለቅመውን ማግኔት በመፍቻ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ማጉያው ጧ አለ። «ነፍስ አለው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመፍቻው። ከዚያ ብረቱን በክሮቹ ላይ አስኬደ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ብረቱ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል።

አጉሊ መነጽሩን አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹን ወደምትሸከመው አጥንት አስጠጋ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ማን ነካው?»

እርግማኑን ሁሉ አልጽፈውም። ባጭሩ፣ በዚህ ጊታር ላይ ክሮቹ ከፍ ብለው የሚወጠሩት ብረቱ እንጨት ሳይነካ እንዲንሸራተት ነው፤ አንድ ደንቆሮ ግን ከፍታውን ብልሽት መስሎት አጥንቷን በሞረድ በልቷታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ግመል ቢሰጡት ሻኛውን በመላጊያ ያስተካክላል አለ። እኔም አገዝኩት። ደንቆሮ ብቻ? ነፍሰ ገዳይ እንጂ አልኩ።

አልኩና ትዝ አለኝ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጎረምሳ ስለ ጊታር ጥገና የምታስተምር ስምንት ገጽ ጽሑፍ አንብቦ ሊቅ ሆኖ ነበር። ገጽ አምስት፣ ክር ወደ አንገቱ በቀረበ ቁጥር ለእጅ ይመቻል ትላለች። ጎረምሳው አጎቱን ሊያስደስት፣ አጎቱ ሥራ በዋለበት ቀን፣ ሞረድ አነሳ። ይህ የጭን ጊታርን እንደማይመለከት ገጽ ስድስት ላይ ተጽፏል። እኔ አምስት ላይ ነበር ያቆምኩት። አጎቴ እጁን ሲጠረጥር እኔ ገጽ አምስትን አልጠረጠርኩም።

ጋሽ ማንነካው ወረቀት አውጥቶ ስልኬን እንድጽፍ ሰጠኝ። ጻፍኩ። የጻፍኩበትን እጄን አየ፤ ግራዬን። የሞረዱ ጭረት ወደየት እንዳዘነበለ አየ። ተመልሶ እጄን አየ።

«ሐሙስ ከአጎትህ ጋር ና።»

ሐሙስ አዲስ አጥንት ተተክላ ጠበቀችን። ስድስቱ ክሮች ብረቱን እኩል እስኪነኩ ድረስ አራት ጊዜ እንደፈታትና እንደገጠማት ነገረን፤ በዚያ ደግሞ ማንንም አልረገመም። አጎቴ ብረቱን አስኬደ። ጊታሩ አንጎራጎረ። ጨርሶ እጁን ገልብጦ ተመለከተው፤ ያለ ጥፋቱ ሃያ ሁለት ዓመት ታስሮ የተፈታ ዘመድ ይመስል።

«ታዲያ ማን ነክቶት ነው፣ ወንድሜ?» አለ።

እኔ ከላያችን ያሉትን ደረጃዎች ከሥር ሆኜ ቆጠርኩ። ዳኛው ዕድሜውን በሙሉ ይህን ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ አልኖረም። ተከሳሹም ፊቱ ቆሟል። ጋሽ ማንነካው ሞረዱን በጨርቅ ጠረገ።

«ማንም አልነካውም» አለ። «ዕድሜ ነው። አጥንት አይደል? ያልቃል።»

ስንወጣ ሲጨብጠኝ መዳፌ ውስጥ የክብሪት ሣጥን ቀረች። አሮጌዋ አጥንት ውስጧ ነበረች። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ወንጀለኛ ማረ፤ እሱም አፉን ሞልቶ ሲስቅበት የኖረውን።

አንባቢ ሆይ፣ ለአጎቴ ልነግረው ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም ሲጫወት አግኝቼው፣ አዳምጬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአራተኛ ጊዜ እሄዳለሁ፤ ከእኔ ይስማው እንጂ ከዚህ ጋዜጣ አይሁን። እስከዚያ ግን አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ ረዘም ያለ ሣጥን ያጋደመ ሽማግሌ አጠገብህ ተቀምጦ «ጨርሰኸው ከሆነ ጋዜጣውን...» ካለህ፣ እባክህ፣ አልጨረስኩም በለው።