ቀትር ላይ ማን ይዘጋል?

አርቆ የሚያስብ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መስማማት የሚቀለው ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ተሾመን እስካገባ ድረስ። ባሌ "እንደምን አደርክ" ያለውን ሰው ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ ሲያብሰለስል የሚውል ነው። ያ አልበቃ ብሎት ዘንድሮ ስልኩ ላይ የሚያስብለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጫነና አሁን ለሁለት ያሰላሉ።

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ይከፍታል። መጋላ ገበያ ውስጥ ከተሾመ ሱቅ ፊት ለፊት የኢብሮ ሱቅ አለ፤ እሱም እንደኛው ጨርቅ ይሸጣል። ሁለቱ ለዓመታት እኩል ዘግተው እኩል ከፍተዋል። ሁለቱም ከዘጉ ገበያተኛው ይጠብቃል፤ አንዱ ብቻ ከዘጋ ገበያው የሌላው ነው። ኢብሮ ደግሞ ደም ግፊት ስላለበት ሐኪሙ በቀትር እንዲያርፍ አዞታል።

አንድ ቀን ተሾመ ከስልኩ ጋር ተማከረና ኢብሮ ከፍቶ ውሎ ገበያውን ሳይወስድበት ሊቀድመው፣ በቀትር ሳይዘጋ ዋለ። ኢብሮ በሩን ግማሽ ድረስ ጎትቶ፣ ወዲህ አየና መልሶ ከፈተው።

"አየሽ፣ ያሰብኩትን አስቧል" አለኝ ተሾመ።

ከዚያ ወዲያ ዝንብ እንኳ በማይዞርበት መንገድ ሁለት ጎልማሶች ተፋጠው መቀቀል ሆነ ሥራቸው። የኔው ጉድ የራሱን ሐሳብ ኢብሮ ጭንቅላት ውስጥ ያስቀምጥና መልሶ እሱኑ ይፈራዋል። ኢብሮ እያንቀላፋ ፊቱ ቀልቷል። እኔ በበኩሌ ይህ ሰው አንድ ቀን ተዝለፍልፎ ይወድቃል ብዬ ሰጋሁ።

ምሳ ያደረስኩ ዕለት መንገዱን ተሻገርኩ። "ኢብሮ፣ ሐኪምህ የነገረህን ረሳኸው? ለምን አታርፍም?"

ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ቤት ውስጥ ተጣልታችኋል እንዴ? ተሼ ሰሞኑን ቤቱ መግባት ጠላ። ብቻውን እንዴት ጥዬው ልሂድ፣ አቦ? ወላሂ፣ እንቅልፍ ገደለኝ።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለተሾመ ስነግረው ስልኩን አየ፣ ኢብሮን አየ፤ ከዚያ ተነስቶ በሩን ጎተተ። የእሱ ሳይቆለፍ የኢብሮ ተቆልፎ ነበር።

ቤት ገብተን ጋደም አልን። ተኝቷል ብዬ ዞር ስል ተሾመ ጣሪያው ላይ አፍጥጧል።

"ግን እኮ" አለኝ፣ "እንደምትነግሪኝ አውቆ ቢሆንስ እንደዚያ ያለው?"

ኢብሮ በዚያን ሰዓት እያንኮራፋ ነበር፤ ማንንም ሳያማክር።